ውሃ ሊቀዳ ታዝዞ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሃያ አሥራ አንድ። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ድሮ ለአሥራ አንድ ጆሮዬን ነበር የሚይዘኝ። ወንድም የሞተበት ተማሪ ጆሮው አይያዝም ማለት ነው... ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ደረስኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ክራንቹ ወደቀ። ሁልጊዜ ይወድቃል። ከበሩ ጀርባ ነው የተደገፈው፤ ወንድምጋሼ ራሱ ያስደገፈው እዚያ ነው። እሱ ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወድቃል፣ አንስተን እዚያው እናስደግፈዋለን። ሌላ ቦታ ማስቀመጥ እንደሚቻል ለእማዬም ለእኔም አልታየንም። ወይ ታይቶናል... ቀድሞ የሚናገር ጠፋ።

ይህ ደብተር የእሱ ነው። ዘጠኝ ገጽ ጽፎበታል። እኔ ከአሥረኛው ጀመርኩ። ባዶ ገጽ እያለ አዲስ አይገዛም፣ ይል ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ዘጠኙን ገጾች ዛሬ አነበብኳቸው። እስከ ዛሬ ስሸሻቸው ነበር። ምስጢር ይኖራል ብዬ... የሴት ስም ምናምን። የለም። ሁሉም ስለ ጉዳተኞች ቢሮ ነው። የሄደበትን ቀንና የተባለውን ብቻ ነው የጻፈው።

«ሰኞ፦ ነገ ና።
ማክሰኞ፦ ባለማህተሟ ስብሰባ ናት።
ሐሙስ፦ ፎቶው አርጅቷል፣ አዲስ አምጣ።
ሰኞ፦ አዲሱ ፎቶ ከድሮው ጋር አይመሳሰልም።
ረቡዕ፦ እግሬ መቆረጡን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ አሳየሁ። ይህ ወረቀት አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው።»

ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ከሞተ ወዲህ በእሱ ነገር ስስቅ ገና የመጀመሪያዬ ነው።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን ቀልድ የለም። የቢሮውን ውሳኔ ገልብጦታል፦ «ጉዳቱ የደረሰው ወታደሩ ያለ ፈቃድ ከምድብ ቦታው ወጥቶ ሳለ በመሆኑ፣ በግዳጅ ላይ የደረሰ ተብሎ አይቆጠርም።» ከሥሩ ደግሞ የራሱ፦ «ውሃ ልቀዳ ታዝዤ ነው የወጣሁት። ሌላው ይቅር። ይቺን ብቻ ያስተካክሉልኝ።»

ታሪኩን መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ጠዋት ነው። የመቶ አለቃው ሁለት ጀሪካን ሰጥተው፣ ወንዝ ወርደህ ቅዳ አሉት። ቀድቶ ሲመለስ ፈንጂ ረገጠ። የመቶ አለቃው እሱን ሊያነሱ ሲሮጡ ሌላ ረገጡ፣ እዚያው ሞቱ። ስለዚህ ያዘዘው ሰው የለም። ያዘዘ ከሌለ ትዕዛዝ የለም። ትዕዛዝ ከሌለ ወንድምጋሼ ጀሪካን ይዞ የጠፋ ወታደር ነው።

ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ማን ይጠፋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ደብዳቤ መጣ። ለእሱ። «እስከ ታኅሣሥ 13 ድረስ አዲስ ማስረጃ ይዘው በአካል ካልቀረቡ፣ የይግባኝ ፋይልዎ እስከ መጨረሻው ይዘጋል።»

እማዬ የጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። አነበብኩላት። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም፣ «ጻፍላቸው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«መምጣት እንዳልቻለ።»

አንድ እጅጌ ጨርሳ ሌላውን ጀመረች። ከዚያ፣ «አንተ ሂድ። ያቺን ቃል ያውጡለት። ሌላ ምንም አልፈልግም ከነሱ» አለች። ያቺ ቃል «ያለ ፈቃድ» የምትለዋ ናት። እማዬ ቃሏን ጠርታት አታውቅም።

ድሮ ሐኪሙ የቆሰለው የወንድምጋሼ እግር እንደገና መቆረጥ አለበት ብሎ ነበር። ለዚያ የቢሮው ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ደብዳቤው ሳይመጣ ቁስሉ ደሙን መረዘው። ወንድምጋሼ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ቀን ሳይገኝ ቀረ።

ሠላሳ ስድስት ቀን አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ቢሮ ሄድኩ።

ረጅም ኮሪደር ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ለጀግኖቻችን ዘላለማዊ ክብር» ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ፦ «ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ነው፣ አታንኳኩ።» አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰው፣ አሥራ ሦስት እግር፣ አሥራ ስድስት እጅ።

ጥጉ ላይ ቀኝ እጅ የሌላቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ስለተመላለሱ ሰው ሁሉ «ቀጠሮ» ነው የሚላቸው። እሳቸውም አቤት ይላሉ። እኔ ጋሽ ቀጠሮ አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ ሙሉ ሰው?» አሉኝ። የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቦታ ለቀቁልኝ። «እዚህ ጋ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። የተቀመጥኩበትን ማለታቸው ነው። ለማንም እንዳይታወቅ ትንሽ ፈቀቅ አልኩ... ከዚያ መልሼ ተጠጋሁ።

መስኮት አራት፣ ባለማህተሟ። የሞት ማስረጃውን አሳየኋት።

ሟች ይግባኝ ማለት አይችልም አለች። ቤተሰብስ? ቤተሰብ ይችላል፣ ሟቹ ውክልና ከሰጠ። መቼ ይስጥ? ከመሞቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። መነጽሯን አወለቀች። ክፉ ሴት አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ልጄ፣ እናትህን ወራሽ ብለን እንቀበል። ግን ትዕዛዝ እንደነበር የሚያሳይ፣ ማህተም ያለበት አንድ ወረቀት ያስፈልገኛል። አንድ» አለች። ማን ይጽፈዋል ብላት፣ ትከሻዋን ሰበቀች።

የሕንፃው ክብ ማህተም አንድ ብቻ ነው። ድሮ ሁለት ጊዜ ስለጠፋ በሲባጎ ከእሷ መሳቢያ ጋር ታስሯል። ስለዚህ የትኛውም ክፍል፣ ላይኛውም ፎቅ፣ ወረቀቱን እሷ ጋ ያወርዳል። ከላይ ፎቅ ክምር ሲመጣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ አድርጋ መታችው። እኔ ያመጣሁትን የሞት ማስረጃ ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ አልመታችውም።

ጋሽ ቀጠሮ ስወጣ እንዲህ አሉኝ፦ «እሷ የምትመታውን አታነብም። የምታነበውን አትመታም። አሥራ አንድ ዓመት አጥንቻታለሁ።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

እንግዳ መጣ። በሩን ሲከፍት ክራንቹ እግሩ ላይ ወደቀበት።

የጀግኖች ቀን አዘጋጅ ነው። ቢሮው እዚያው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። እቤታችን ውስጥ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ አደባባይ ላይ እንዳለ ነው የሚናገረው። በልቤ ድምፅ ማጉያው ብዬዋለሁ። ሰውን ሁሉ «ወገኔ» ይላል።

በዓሉ ታኅሣሥ 10 ነው። ከየሰፈሩ አንድ የሞተና ሦስት የቆሰሉ ይሸለማሉ። የእኛ ሰፈር የቆሰለ ሞልቶታል። «የሞተ ነው ያጠረን» አለ። ከዚያ እማዬን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

ስሙን ከየት አገኛችሁት አልኩት። ከታች፣ ከጉዳተኞች ቢሮ።

አንድ ሕንፃ። ታች፣ ያለ ፈቃድ የጠፋ። ላይ፣ ጀግና። መሃል ላይ አሥራ ስምንት ደረጃ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ።

ለኤግዚቢሽን የወታደር ልብሱን ፈለገ። እማዬ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ሲወጣ እኔን እቅፍ አደረገኝና፣ «ኮራ በል ወገኔ» አለኝ። ክራንቹ እንደገና ወደቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ምንም። ልብስ አጠብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

የአዘጋጁ ሹፌር ሱሪውን መልሶ አመጣው። ሱሪው ላይ ወረቀት በስፒል ተያይዟል፦ «ልብሱ የሚሰቀልበት አሻንጉሊት ሁለት እግር ስላለው፣ የግራው እግር ስፌት ተፈትቶ እንዲረዝም።»

እማዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያንን ስፌት የሰፋችው ወንድምጋሼ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ነው። እሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ «እማ፣ የተረፈውን ጨርቅ አትጣይው፣ ለታናሽየው ቁምጣ ይወጣዋል» እያለ ያስቃታል፤ እሷ እየሳቀች ትሰፋለች፣ አፍንጫዋን በክንዷ ትጠርጋለች። እኔ መብራት ይዣለሁ። ቁምጣው ወጥቷል። አሁን ይጠበኛል።

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እማዬ የቦርሳ መስፊያ ወፍራም ክር አወጣች። በድሮው ስፌት ላይ ሦስት ጊዜ ደግማ ሰፋችበት። ያንን አሁን ምላጭም አይፈታውም። አጣጥፋ ሰጠችውና፣ «ንገራቸው። አሻንጉሊቱን ያስተካክሉ» አለችው።

ሹፌሩ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ፣ «እሺ እናቴ» አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ትምህርት ቤት ድረስ ላከብኝ፣ ድምፅ ማጉያው። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስለ ወንድምጋሼ የሚጻፍ ሦስት መስመር አዘጋጅልኝ ይላል። እሱ አርባ ጀግና አለበት፣ ራሱ ግን አንድ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ፊት ነው የነገሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ኮራ። እኔ ግን እሱን እየሰማሁት አልነበረም። ስለ ሲባጎው ነበር የማስበው።

አርባ የምስክር ወረቀት። ሁሉም ወደ መስኮት አራት ይወርዳል። ክምር ሆኖ። የምትመታውን ደግሞ... አታነብም።

ማህተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው ያለችኝ። አንድ።

ሦስት መስመር ለመጻፍ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። «በአዛዡ በመቶ አለቃው ታዝዞ፣ ለጓዶቹ ውሃ ሊቀዳ በወጣበት ፈንጂ ረግጦ፣ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ።» ይኸው ነው። የተጨመረ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

ከቢሮው ነው የመጣሁት። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ድምፅ ማጉያው አነበበና ፊቱን አኮሳተረ። «ውሃ...» አለ። «ሕዝብ ፊት ውሃ እንዴት ብዬ ላንብብ ወገኔ? ምሽግ ሲሰብር ብንለውስ?»

ምሽግ አልነበረም አልኩት። ወንዝ ነው የነበረው።

«ወንዙ ማዶስ?»

ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት ነው አልኩት። ወንድምጋሼ እንደነገረኝ፣ ሰው ጥሎት የሄደ የሽንኩርት ማሳ።

እስክሪብቶውን አኘከ። ጓዶቹ ተጠምተው ነበር ወይ አለ። ጠዋት ነው አልኩ። «ተጠምተው ነበር» አለና ጻፈ፦ «በጥም ለሚቃጠሉ ጓዶቹ»። ይሁን። ውሃዋ ተረፈች።

ከዚያ እስክሪብቶው «ታዝዞ» ላይ ሄደና ሰረዘው።

ለምን አልኩት። ጀግና ታዝዞ አይሄድም አለኝ፣ ልክ እንደ አስተማሪ። «‹በገዛ ፈቃዱ› ነው የሚባለው። ሕዝብ የሚያጨበጭበው በገዛ ፈቃዱ ለሄደ ነው።» ጻፈው። በገዛ ፈቃዱ። ታች ያለ ፈቃድ ብለውታል፣ ላይ በገዛ ፈቃዱ። በሁለቱም ፎቅ ወንድሜን ማንም አላዘዘውም።

ምን ልበለው? እውነቱን ብነግረው፣ ይህን ወረቀት ለይግባኝ ነው የምፈልገው ብለው፣ ያወጣናል ከዝርዝሩ። በዓሉ እንዲበላሽ አይፈልግም። አልዋሽም ደግሞ። ወንድምጋሼ ለአንዲት እውነተኛ ቃል ሁለት ዓመት ተመላልሶ፣ እኔ በውሸት ላስገኝለት?

እና አሰብኩ... እውነት የሆነ፣ እሱ ግን የሚወደው። ምን አለ? ከዚያ መጣልኝ።

«ያዘዙት የመቶ አለቃ እኮ በዚያው ጠዋት ነው የሞቱት» አልኩት። «እሱን ሊያነሱ ሲሮጡ።»

ቀና አለ።

«ከዚያ በኋላ ማንንም አላዘዙም» አልኩ። «የመጨረሻ ትዕዛዛቸው ያ ነው።»

ድምፅ ማጉያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረ። «የመጨረሻ ትዕዛዝ» አለ። መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። የእውነቱን ነው፣ እንባ ነበረው። ሁለት ሙት በአንድ ወረቀት፣ ወገኔ፣ ይህን ስትደብቀኝ ነበር አለ። «በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን ራሱ ሰረዘው።

እንዲህ ሆነ፦ «ጀግናው ወታደር፣ የአዛዡን የመጨረሻ ትዕዛዝ ለመፈጸም፣ በጥም ለሚቃጠሉ ጓዶቹ ውሃ ሊቀዳ ታዝዞ በወጣበት ፈንጂ ረግጦ፣ ግራ እግሩን ለእናት አገሩ ሰጠ።»

ወንድምጋሼ ቢሆን ሰጠ የምትለዋን አይወዳትም። ሰጠሁ? ማን ጠየቀኝ? ይል ነበር። ግን ታዝዞ አለች። አለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ተላላኪዋ አርባውን የምስክር ወረቀት አቅፋ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወረደች። ባለማህተሟ ስልክ ላይ ናት። ልጇ ጥርሷን ታማለች፣ የትኛው ሐኪም ይሻላል ትላለች። በግራ እጇ ስልክ፣ በቀኟ ማህተም። ጓ። ጓ። ጓ። ቆጠርኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ቆመች... «ኧረ ጨው በውሃ ይሻላታል» አለችና ቀጠለች። አርባ።

ጋሽ ቀጠሮ ከጎኔ ናቸው። ምን እንደምቆጥር አልነገርኳቸውም። «አንተ ልጅ፣ ከወንድምህ ጋር አንድ ዓይነት ትንፋሽ ነው ያላችሁ። መስኮቱ ሲከፈት ታቆሙታላችሁ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

በዓሉ።

ባለሥልጣኖቹ ድንኳን ሥር፣ ጀግኖቹ ፀሐይ ላይ። ለፎቶ ብርሃን ያስፈልጋል ተብሎ ነው። መድረኩ ሰባት ደረጃ አለው። ሰባት ደረጃ ለማን እንደሠሩት ያሰበ የለም። እግር የሌላቸውን ሁለት ሁለት ሆነን ተሸክመን አወጣናቸው፤ አስተዋዋቂው «ጀግኖቻችን በኩራት እየወጡ ነው» አለ።

ጋሽ ቀጠሮም ተሸላሚ ናቸው። የምስክር ወረቀት፣ አበባ፣ ትንሽ ባንዲራ ሰጧቸውና ሊጨብጧቸው እጅ ተዘረጋ። ያለችው አንድ እጅ ናት። ትንሽ አሰቡ። አበባውን በጥርሳቸው ያዙ፣ ወረቀቱን ብብታቸው ሥር፣ ባንዲራውን ኪሳቸው ከተቱና ጨበጡ። ፎቶ አንሺው እንደገና አላቸው። እንደገና ጨበጡ፣ አበባው አፋቸው ላይ እንዳለ።

የእኛ ተነበበ። ድምፅ ማጉያው «የመጨረሻ ትዕዛዝ» ላይ ሲደርስ አደባባዩ ጸጥ አለ። እማዬ እጄን ያዘች። «ታዝዞ» ሲል ጨበጥ አደረገችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሻንጉሊቱ በአንድ እግሩ ቆሟል። ግራውን ከጭኑ ፈትተውለታል፤ እንዳይወድቅ ጡብ አስደግፈውታል። የተፈታው እግር ከመጋረጃው ጀርባ ጫማ እንዳደረገ ተጋድሟል፣ ጫፉ ይታያል። አንድ ሕፃን እናቱን፣ እግሩ የት ሄደ አላት። እናትየው ወዲያና ወዲህ አየች፣ እዚያ የተጻፈ ነገር የለም። እማዬ ጎንበስ ብላ፣ «ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነው» አለችው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 11

ቢሮው ዝግ ነው። ሠራተኞቹ ከበዓሉ እያረፉ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

አንድ ቀን ቀርቶኛል።

ከሦስት ሰዓት በፊት መስኮት አራት ቆሜያለሁ። እማዬም መጣች፤ ከበዓሉ ሌላ፣ ሥራ አቁማ ስትወጣ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከነፍሬሙ ሰጠናት። ባለማህተሟ አየችውና መለሰችው። «ይህ የበዓል ወረቀት ነው። ማስረጃ አይሆንም።»

ማህተም አለው አልኳት።

«ቢኖረውስ? ለበዓል የተጻፈ ነው።»

ከጀርባዬ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። ጋሽ ቀጠሮ ተነስተው መጡ፣ አጠገቤ ቆሙ። አልጮኹም። «እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ጻፊልን። ‹ቢሮው በበዓል ቀን የሚለው እውነት አይደለም።› በማህተም። እሱን ይዘን እንሄዳለን» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ዘጠኙም ቆመዋል፣ የሚቆሙት።

ባለማህተሟ ወረቀቱን መልሳ ወሰደች። መነጽሯን አደረገች። አሁን ነው ያነበበችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። «ታዝዞ» ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ክቡ ማህተም አየች። «ይህን ማነው የመታው?» አለች።

«አላየሁም» ልል ነበር። አይቻለሁ ግን። «ስልክ ላይ ነበሩ። ልጅዎ ጥርሷን አሟት» አልኳት። «ተሻላት?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። እቆጣለሁ ብላ የተወችው መሰለኝ። «ተነቀለ» አለች። ከዚያ እማዬን፣ «እርስዎ ነዎት እናቱ?» አለቻት። እማዬ ነኝ አለች። ባለማህተሟ መሳቢያዋን ከፍታ የወንድምጋሼን ፋይል አወጣች። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ነበር። የሁለት ዓመት ፋይል፣ ከላይ። «ኮፒ አድርጋችሁ አምጡልኝ። ዛሬ። ነገ እኔ ስብሰባ ነኝ» አለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 26

ነገ ና።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 27

ባለማህተሟ ስብሰባ ናት።

ሰኞ፣ ጥር 7

ነገ ና። ጽሑፌ የእሱን እየመሰለ መጣ።

ረቡዕ፣ ጥር 9

መጣ። ለእሱ ነው የተጻፈው፣ አሁንም። እማዬ በር ላይ ተቀብላ ሳትከፍተው እኔን ጠበቀች።

«...በቀረበው አዲስ ማስረጃ መሠረት፣ ጉዳቱ የደረሰው ወታደሩ በአዛዡ ታዝዞ ውሃ ለመቅዳት በወጣበት ጊዜ በመሆኑ፣ በግዳጅ ላይ የደረሰ ተብሎ ተመዝግቧል። የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል። ባለጉዳዩ ለቀጣዩ የሕክምና ምርመራ በአካል እንዲቀርብ።»

እማዬ መኪናዋን አቆመች። እንደገና አለችኝ። አነበብኩ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ፣ «በአካል እንዲቀርብ» ስል፣ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱንም ባንዴ። እኔ መብራቱን የያዝኩ ዕለት እንዳደረገችው።

ውሳኔውን ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከእሱ ጽሑፍ ሥር ገለበጥኩት። ቦታ ነበር። ሦስት መስመር ብቻ፣ ልክ በልክ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ቢሮ ነበርኩ፤ ለጋሽ ቀጠሮ።

ነገሩ ኮሪደሩን ዞረ። አሁን አግዳሚው ባዶ ነው፣ ሁሉም ሁለተኛ ፎቅ ተሰልፈዋል፣ ድምፅ ማጉያው በር ላይ። ለሚመጣው ዓመት በዓል ስማችን ይመዝገብ፣ የምስክር ወረቀት እንፈልጋለን ይላሉ። ሦስት ወር ሙሉ ጀግና ፍለጋ በየቤቱ የዞረ ሰውዬ ደስታውን አልቻለውም። «የአገር ፍቅር እንደገና አበበ ወገኔ» አለኝ። ወንበር ሰጠኝ። ጽሑፉን እኔ እንዳዘጋጅ፣ እሱ «ቅመሙን» እንደሚጨምር ተስማምተናል። ቀን፣ ቦታ፣ ያዘዘው ሰው፣ የተጎዳው አካል። እነዚህን አያወጣም፤ የቀረውን ያሳምር። የጋሽ ቀጠሮን ስጽፍ እጃቸው የሄደችው መኪና ከጭቃ ሲያወጡ እንደሆነ ነገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስለ ጭቃ ማስረጃ ሲጠየቁ ኖረዋል። ድምፅ ማጉያው ጭቃዋን «የእናት አገር አፈር» አደረጋት። ይሁን።

ባለማህተሟ አሁን ክምሩን ታነባለች። አንድ በአንድ። እያነበበች ትመታለች። ይህን ጋሽ ቀጠሮ ማመን አልቻሉም።

ማታ ሱሪ ሊያሳጥር አንድ ልጅ እቤት መጣ። ከሰልፉ ነው ያገኘሁት፣ እማዬ ትሰፋልሃለች ብዬው። ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። በዱላ ነው የሚሄደው፣ መጥረጊያ እንጨት ይመስለኛል። በሩን ገፋ፣ ክራንቹ እግሩ ሥር ወደቀ። ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ሰበርኩት?» አለ።

እማዬ ከመኪናዋ ቀና አለች። እኔን አየችኝ። እኔም እሷን። ቀድሞ የሚናገር ማን ይሁን?

«ውሰደው» አለችው።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳጠርኩለት። አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ አደረግኩት። ብረቱ ዝጎ ነበር፣ በመዶሻ መታሁት። ልጁ ተነስቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረበት። እማዬ ወገቡን ለካችው፣ የግራውን ሱሪ እግር ለካች፤ የተረፈውን ጨርቅ አልጣለችውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ከትምህርት ቤት መጣሁ። የሒሳብ ፈተና፣ ከሃያ ስምንት። መምህሩ ጆሮዬን ያዘኝ።

በሩን ከፈትኩ። ምንም አልወደቀም። እማዬ መኪናዋን አቁማ ቀና ብላለች፣ እኔ እጄ እጀታው ላይ ነው። ሁለታችንም ትንሽ ጠበቅን።